የፈተና ወረቀቱን ከመመለሳችሁ በፊት

(ጅማ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ዕጩ መምህራንና በልምምድ ወቅት ለሚቀበሏቸው ነባር መምህራን የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አደራችሁ። ቅዳሜ ማለዳ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በተለይ ከሰቃ ጨቆርሳ፣ ከማናና ከአጋሮ ለመጣችሁ መምህራን ምስጋናዬ ከልብ ነው።

በቁጥር ልጀምር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ከ1,000 በላይ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ያላሳለፉበት ዓመት አይተናል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ያስተማራችኋቸው ልጆች እዚያ ቁጥር ውስጥ አሉ። አንዳንዶቻችሁ ታናናሾቻችሁ አሉበት።

ውጤቱ በወጣ ሰሞን ጅማ ውስጥ የትም ብትቀመጡ ወሬው እሱ ነበር። ባጃጅ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ መምህራን ማረፊያ። ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው። ስልኩ ነው። ጫቱ ነው። እንግሊዝኛው ነው። መጽሐፍ አልደረሰም። ወላጅ አይከታተልም። መምህሩ ተሰላችቷል። ኩረጃው ስለቀረ ነው። እነዚህ ተራ ወሬ ናቸው ብዬ አልጥላቸውም። እያንዳንዳቸው እውነት ሊኖርባቸው ይችላል። ግን ከእነዚህ መካከል በእናንተ ትምህርት ቤት፣ 9ኛ ሲ ክፍል፣ ባዮሎጂ ላይ የቱ ነው የሚሠራው ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ ያለው ሰው አታገኙም። አይቶ፣ ቆጥሮ፣ አነጻጽሮ የሚነግራችሁ ሰው የለም።

አገራዊው ቁጥር ምን እንደደረሰብን ይነግረናል። ለምን እንደደረሰብን ለማወቅ ክፍሉ ውስጥ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለእኔ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ለመምህርነት የምናሠለጥናቸውን ወጣቶች የጥናት ዘዴ እንዴት እናስተምራቸው? እኔ የምለው፣ ከታረመ የፈተና ወረቀትና ከስም መጥሪያ እንጀምር ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሌላው ሁሉ ይመጣል።

አሁን የምናስተምረው ከዚህ በጣም በራቀ መንገድ ነው። ሪሰርች ሲባል አብዛኞቻችሁ የምታስቡት ባለ አምስት ምዕራፍ ጥራዝ ነው። ርዕሱ ገና ሳይጻፍ ይታወቃል፦ የተማሪዎችን ውጤት የሚነኩ ምክንያቶች፣ በጅማ ከተማ በተመረጡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች። ከዚያ መጠይቅ ይበተናል። በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። መጠይቁ ከሌላ ሰው ጥናት ተገልብጦ የመጣ ነው። ተማሪዎቹ እረፍት ሰዓት ላይ እየተጣደፉ ይሞሉታል። ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል። ከ5 አማካይ 3.7 ይወጣል። መጨረሻ ላይ መንግሥት፣ ወላጆችና ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው እንዲሠሩ ይመከራል። ይጠረዛል። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ያን ጥራዝ የጻፈው ዕጩ ሰነፍ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲለፋ ነው የከረመው። ግን ጥናቱ አልቆ ሰኞ ጠዋት ክፍል ሲገባ የሚቀይረው ነገር የለውም። 3.7 ማለት ለየትኛው ተማሪ ምን ማድረግ ማለት ነው? የምክር ሐሳቡም ለመንግሥት የተጻፈ ነው፤ ለራሱ ለመምህሩ አንድ መስመር የለውም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ወጣቱ በሙያው መጀመሪያ ላይ ጥናት ማለት ለሌላ ሰው ምክር መጻፍ ነው ብሎ ይማራል።

የናሙና ቀመሩንም ላንሳ። ከብዙ ሰው መካከል ስንቱን መርጦ ማጥናት እንደሚበቃ የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ዕጩ 60 ተማሪ ያለበትን አንድ ክፍል ሊያጠና ይነሣል እንበል። 60ን ቀመሩ ውስጥ ያስገባል። የስህተት ህዳጉን 5 በመቶ ያደርጋል። 52 ይወጣል። ከዚያ 52 ተማሪ በዕጣ ይመርጥና 8ቱን ይተዋቸዋል። ለምን? 60ውም እኮ ፊቱ ተቀምጠዋል! ቀመሩ ምንም አላጠፋም። የተሠራው ሁሉንም መድረስ ለማይቻልበት ሁኔታ ነው። እኛ ግን ቀመሩን ያስተማርነው መቼ እንደማያስፈልግ ሳንናገር ነው። ዕጩው 8ቱን የተዋቸው አድቫይዘሩ ቀመሩ የት አለ ብሎ እንዳይመልስበት ፈርቶ ነው። ጥፋቱ የእኛ የአሠልጣኞች ነው።

መምህር በገዛ ክፍሉ ላይ ጥናት ያድርግ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። አክሽን ሪሰርች የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀው ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው የሥነ ልቦና ምሁር ኩርት ሌዊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ። በ1950ዎቹ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ስቲቨን ኮሪ ወደ ትምህርት ቤት አስገባው። በ1970ዎቹ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ሎውረንስ ስቴንሃውስ መምህሩ ራሱ ተመራማሪ መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። እኛ ዘንድ ቴሶ ከምንለው የ1995 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ለውጥ ጋር በሰፊው መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ፒጂዲቲ የሚባለው የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማም ይዞት ቀጠለ። ሲፒዲ የምንለው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያም መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል ሲጠይቅ አክሽን ሪሰርችን አንዱ መንገድ አድርጎ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁሉም አለ።

ጅማ ላይ ግን ከዚህ የቀረበ፣ የራሳችን የምንለው አርአያ አለን። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከመነሻው ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ ነው ያስተማረው። የጤና ተማሪ ቀበሌ ይመደብለታል። ቤት ለቤት ይሄዳል። ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ሽንት ቤት እንዳለ፣ ሕፃናቱ እንደተከተቡ ይጠይቃል፣ ይቆጥራል። ከዚያ ችግሮቹን በቅደም ተከተል ያወጣል፣ ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ይሞክራል፣ ተመልሶ ለውጥ መጣ ወይ ብሎ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይህ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የዩኒቨርሲቲው መለያ ሆኖ ቀጠለ። የጅማ ሰው ነጭ ጋወን የለበሰ፣ ወረቀት የያዘ ወጣት በር ሲያንኳኳ አይደነግጥም። ለምዶታል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። የጤና ተማሪ የጥናት ዘዴን ቀበሌ ውስጥ እየተማረ፣ የነገው መምህር ለምን ፓወርፖይንት ላይ ብቻ ይማራል? እኛም ቀበሌ አለን። የእኛ ቀበሌ አንድ ክፍል ነው። 60 ነዋሪ አለው። መዝገብ አለው። በየሳምንቱ መረጃ ያመርታል። ያን መረጃ ግን ማንም አያነበውም።

የፈተና ወረቀት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አንድ ምሳሌ ወስጄ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብዬ ያዘጋጀኋቸው ናቸው።

የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ሚድ ፈተና። ተማሪው 60 ነው። አንዱ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ አንድ የቡና ተክል ሲያድግ የሚጨምረውን ደረቅ ክብደት በአብዛኛው የሚያገኘው ከየት ነው? ሀ. ከአፈር፣ ለ. ከውሃ፣ ሐ. ከአየር፣ መ. ከማዳበሪያ። መልሱ ሐ ነው። ተክሉ ከአየር የሚወስደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ጋር አዋህዶ ነው አካሉን የሚሠራው።

ፈተናው ታረመ። ሐ ያሉት 14 ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ምን እናደርጋለን? የመለሱት 23 በመቶ ብቻ ናቸው፣ አላጠኑም እንልና ማርክ ሊስቱን ሞልተን ወረቀቱን እንመልሳለን። እስቲ ትንሽ እንቆይ። የቀሩት 46 ምን መረጡ? 33ቱ ሀ ብለዋል። 9ኙ ለ። 4ቱ መ።

አሁን አስቡ። ክፍሉ ምንም ሳያውቅ በጭፍን ቢገምት ኖሮ፣ ምርጫው አራት ስለሆነ እያንዳንዱ ላይ 15 ገደማ ተማሪ ይወድቅ ነበር። እዚህ ግን አንድ ምርጫ ላይ 33 ልጆች ተሰብስበዋል። እነዚህ ልጆች አልገመቱም። የሚያምኑትን ነው የጻፉት። እምነታቸውም ምክንያት አለው። የጅማ ልጅ ቡና ሲተከል እያየ ነው ያደገው። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ብስባሽ ይጨመራል፣ ለም መሬት ይመረጣል። ተክሉ የሚበላው አፈር ነው ቢል ካየው ጋር የሚስማማ መልስ ነው የሰጠው።

ለ ብለው የመለሱትንም 9 ልጆች አትናቋቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የብራስልሱ ሊቅ ቫን ሄልሞንት አንድ የአኻያ ችግኝ በዕቃ ተክሎ 5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ጨመረ። አፈሩ ተመዝኖ ሲታይ ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው። ሊቁ ከአፈር እንዳልሆነ በትክክል ተረዳ። ከዚያ ግን ክብደቱ የመጣው ከውሃ ነው ብሎ ደመደመ። ልጆቹ የቆሙት እሱ የቆመበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ታሪክ ለክፍሉ ብትነግሩ፣ ስህተት ማለት ድንቁርና እንዳልሆነ ይገባቸዋል።

በዚያው ፈተና ሌላ ጥያቄ ላይም ትክክለኛውን የመለሱት 14 ናቸው እንበል። የቀሩት ግን 16፣ 15፣ 15 ሆነው ተበትነዋል። ማርክ ሊስቱ ላይ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው። 14 ከ60። በሽታቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ላይ ልጆቹ ሥር የሰደደ የተሳሳተ እምነት አላቸው። ያንኑ ኖት ደግማችሁ ብታስገለብጡ አይነቀልም። ተክል መዝኖ፣ አፈር መዝኖ፣ እርስ በርስ አከራክሮ ነው የሚፈታው። ሁለተኛው ላይ ግን ምንም የላቸውም። ወይ አልተማሩትም፣ ወይ ጥያቄው ምን እንደሚል አልገባቸውም።

ታዲያ ከሁለቱ የቱ ነው? እዚህ ላይ እንግሊዝኛው ነው የሚለው ሰው ተራው ደርሷል። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ተምሮ መጥቷል። 9ኛ ሲገባ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ቋንቋው ሊሆን ይችላል። መሆኑን ግን መፈተሽ ይቻላል፤ ወጪም የለውም። ስድስት ተማሪ ምረጡ። ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከመሃል፣ ሁለት ከታች። ለየብቻ አናግሯቸው። ጥያቄውን ቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ በቃል ንገሯቸው። አሁን ከመለሱት፣ ያስቸገራቸው እንግሊዝኛው ሳይሆን አይቀርም። አሁንም ካልመለሱት ችግሩ ትምህርቱ ጋ ነው። ከዚያ ለምን ይህን መረጥሽ ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። አታርሙ። አትርዱ። መምህር ሆኖ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ የቃለ መጠይቅ ሥልጠና ግማሹ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከክፍሉ ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን 15 ልጆች ወረቀት ለብቻ አውጡ። በጣም ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን 15ም እንዲሁ። አንዱን ጥያቄ ጎበዞቹ ስተውት ደካሞቹ ካገኙት፣ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን መርምሩ። ቁልፉ ልክ ከሆነ ጥያቄውን መርምሩ። ልጆቹን የምትመረምሩት በመጨረሻ ነው።

ልብ በሉ፣ እስካሁን የጥናት ዘዴ የሚባለውን ነገር አብዛኛውን ነክተናል። ጥያቄ አለን። መረጃ አለን። በአጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ምን እናይ ነበር ብለን አነጻጽረናል፤ የስታቲስቲክስ ልቡ እሱ ነው። መላ ምት አቅርበን ፈትሸናል። ቃለ መጠይቅ አድርገናል። ኳንቲቴቲቭና ኳሊቴቲቭ የምንላቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ላይ ተገናኝተዋል። ይህን የሠራ ዕጩ ካይ ስኩዌር የሚባለውን ስሌት በሚቀጥለው ሳምንት ስታስተምሩት ለምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል። 33 እና 15ን አይቷልና።

ወደ ስም መጥሪያው ልሂድ። ጅማ ውስጥ ሐሙስ ተማሪ ይቀራል ይባላል። ምክንያቱ ይታወቃል፤ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ስሙ የታወቀ ነው። በቡና ለቀማ ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በተለይ ገጠር ያሉት ትምህርት ቤቶች ይሳሳሉ ይባላል። ጥሩ፣ ይባላል። መዝገቡ ግን ምን ይላል? የአንድ ሴሚስተር ቀሪዎችን በቀን በቀን ደምሩ። ሰኞ ስንት፣ ማክሰኞ ስንት። በዓል የዋለባቸውን ቀኖች አውጡና ለቀኖቹ ቁጥር አካፍሉ። ምናልባት ሐሙስ ይወጣል። ምናልባት ደግሞ ዓርብ ከሰዓት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ምናልባትም ቀኑ ምንም ለውጥ የለውም፤ የሚቀሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሰባት ልጆች ናቸው። እያንዳንዱ መልስ የሚያስከትለው ሥራ የተለያየ ነው። ቀኑ ከሆነ ፕሮግራሙን አስተካክሎ ከባዱን ትምህርት ከዚያ ቀን ማንሣት ይቻላል። ሰባቱ ልጆች ከሆኑ ግን ቤታቸው ነው የሚኬደው።

ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። ስሙ የሚጠራው መቼ ነው? ጠዋት ሆምሩም መምህሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠራ ከሆነ፣ በእረፍት ሰዓት አጥር ዘሎ የሄደ ልጅ መዝገቡ ላይ ተገኝቷል። መረጃ እንዴት እንደተመረተ ሳያውቁ መቁጠር አሳሳች ነው። ይህን ከየትኛውም የሪሰርች መጽሐፍ በተሻለ የሚያስተምራችሁ ዩኒት ሊደሩ ነው። ሄዳችሁ ጠይቁት።

አሁን ደግሞ ብዙ ቅን መምህራንን ስለሚያሳስት አንድ ወጥመድ ልናገር። ሚድ ላይ ዝቅተኛ ያመጡትን 20 ልጆች መረጣችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቱቶሪያል ሰጣችኋቸው። ፋይናል ላይ አማካያቸው ከፍ አለ። ደስ አላችሁ። ቱቶሪያሉ ሠራ ብላችሁ ጻፋችሁ። ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ግን ቱቶሪያል ባይኖርም ከእነዚያ 20 ልጆች አንዳንዶቹ ከፍ ማለታቸው አይቀርም ነበር። ለምን? ሚድ ቀን አንዱ ታሞ ነበር። አንዷ ስትገምት ዕድሏ ጠሞባት ነበር። አንዱ ሌሊቱን እናቱን ሆስፒታል ሲያስታምም አድሮ ነው የተፈተነው። ከታች ያሉትን ብቻ ስትመርጡ፣ ያን ቀን መጥፎ ቀን የገጠማቸውን ጭምር ነው የምትመርጡት። በሌላ ቀን ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ከላይ ያሉትን ብትመርጡ ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ ይላሉ። በዚህ የተነሣ ብዙ አክሽን ሪሰርቾች የማይሠራውን ሠራ ይላሉ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ክፍሉም ሰዓቱም የሚበቃው ለ10 ልጅ ከሆነ፣ ከ20ዎቹ 10ሩን እቁብ ላይ እንደምናደርገው በዕጣ አውጡ። የመጀመሪያው ዙር እነሱ ይሁኑ። የቀሩት ሁለተኛው ዙር ላይ ይገባሉ። ዙሩ ሲያልቅ ሁለቱንም በአንድ ፈተና አነጻጽሩ። ማንም አልተበደለም፤ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል። 10 እና 10 ትንሽ ቁጥር ነው፤ አንድ ጊዜ ታይቶ አይደመደምም። ሌላ ሴክሽን ላይ፣ ሌላ ሴሚስተር ይደገም። ግን ያለ ምንም ማነጻጸሪያ ከመደምደም በብዙ ይሻላል።

9ኛ ኤን በአዲሱ ዘዴ፣ 9ኛ ቢን በድሮው ላስተምርና ላወዳድር የምትሉም አላችሁ። መጀመሪያ ልጆቹ እንዴት እንደተመደቡ ጠይቁ። በውጤት የተደለደሉ ከሆነ ያወዳደራችሁት ድልድሉን ነው።

ስለ ሥነ ምግባር መናገር ያለብኝ ብዙዎች እንደ ፎርማሊቲ ስለሚያዩት ነው። እኛ የምናጠናቸው ሰዎች ማርክ የምንሰጣቸው ልጆች ናቸው። የ15 ዓመት ልጅ መምህሩን እምቢ ማለት አይችልም። ፈቃደኛ ናችሁ ወይ ስትሏቸው ሁሉም እጁን ያወጣል። ያ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህ መጠይቁን ሌላ ሰው ይበትን፤ እናንተ ከክፍሉ ውጡ። ስም አታስጽፉ። ስም ባይጻፍም የራሳችሁን ተማሪዎች የእጅ ጽሑፍ እንደምታውቁት አትርሱ፤ ስለዚህ መልሱ በምልክት ይሁን። ሴት ተማሪዎች ለምን እንደሚቀሩ የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ ጥያቄውን በወንድ መምህር አታስጠይቁ። የወር አበባ፣ የውሃ አለመኖር፣ መንገድ ላይ የሚገጥማቸው ትንኮሳ፣ እነዚህ ክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ የሚነገሩ አይደሉም። አንዲት ልጅ ተማምናባችሁ የነገረቻችሁን ነገር ሪፖርታችሁ ውስጥ ስሟን ሳትጽፉ ብታወጡት እንኳ፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ማን እንደሆነች ይታወቃል። ያን ጊዜ ጥናቱ ይቅር። ልጅቷ ትበልጣለች።

በየዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ግድግዳ ላይ ጥናት እናዘጋጃለን የሚል ማስታወቂያ ከስልክ ቁጥር ጋር ሲለጠፍ አይታችኋል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቷል፤ ባለ አምስት ምዕራፉን ጥራዝ በአንድ ምሽት ይጽፈዋል። ዕጩዎቹን በመቆጣት ብቻ ይህን የምናስቆም አይመስለኝም። የምንጠይቃቸው ሥራ ከየትም ሊገለበጥ የሚችል ዓይነት ስለሆነ ነው የሚገለበጠው። የ9ኛ ሲ ተማሪዎች የሚድ ፈተና ወረቀት ግን ኢንተርኔት ላይ የለም። 33ቱ ልጆች ለምን ከአፈር እንዳሉ የሚያውቀው ቀርቦ የጠየቃቸው ሰው ብቻ ነው።

ለዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቼ የምለምነው ይህን ነው። የጥናት ዘዴው ኮርስ ከፕራክቲከሙ፣ ከማስተማር ልምምዱ ጋር በአንድ ሴሚስተር ይሁን። ዕጩው ኮርሱን ጨርሶ ከወራት በኋላ ትምህርት ቤት ሲሄድ የተማረው ሁሉ ጠፍቶበታል። ሪፖርቱ አራት ገጽ ይብቃው። ምን ጠየቅሁ፣ ምን አየሁ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችል ነበር፣ ሰኞ ምን እቀይራለሁ። ማርኩን ሦስተኛው ላይ ከፍ አድርጉት። ሌላ ምን ሊሆን ይችል ነበር ብሎ ራሱን የሚጠይቅ መምህር ሲገኝ ነው ደስ የሚለኝ። ዲፌንሱም እዚህ አዳራሽ አይሁን። ልምምድ ባደረገበት ትምህርት ቤት፣ ዲፓርትመንቱ ፊት ያንብበው። ያንን ክፍል በየቀኑ የሚያስተምሩት መምህራን ልክ ነህ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል ይበሉት።

ለነባር መምህራንም አንድ ልመና አለኝ። ልምምድ ላይ የሚመጣውን ወጣት የማትገቡበትን ክፍለ ጊዜ መሸፈኛ ብቻ አታድርጉት። ክፍሉ ብዙ ነው፣ ፈተናው ሰዓት ይበላል፣ ደመወዙም የሚታወቅ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን እሱ የሚቆጥርላችሁን እናንተ ለመቁጠር ጊዜ የላችሁም። ወረቀቱን ስጡት። የሚያገኘው ነገር ሊያስከፋችሁ ይችላል፤ አንድ ምዕራፍ ላይ ክፍሉ በሙሉ ያልገባው ነገር ሊያሳያችሁ ይችላል። አትቀየሙት። እናንተ ካልተቀየማችሁት ነው ነገ እሱም የራሱን ክፍል ሳይፈራ የሚያየው።

ዕጩ መምህራን፣ ልምምድ ስትጀምሩ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሰው አግኙ፤ ዩኒት ሊደሩን፣ ሆምሩም መምህሩንና የትምህርታችሁን መምህር። ለመዝገቡና ለፈተና ወረቀቶቹ ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቁ። ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ እንዳትለቁት። በወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። በየጥያቄው ቁጠሩ። ለ60 ተማሪና ለ20 ጥያቄ ሁለት ሆናችሁ ብትሠሩት፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ፣ በአንድ ከሰዓት ይጠናቀቃል። መምህሩ ወረቀቱን በማግስቱ ሊመልስ ከሆነ አንድ ቀን እንዲያቆይላችሁ ለምኑት።

እኔ ብዙ ተናገርኩ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።